በእኔ ቤት በኩል ዋጋው አንድ ነው

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር አለ፦ እኔ ቁጡ ሰው ነኝ።

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። «ዓይናለም? መጋረጃ ሰፊዋ? ኧረ እሷ ድምጿም አይሰማም» ይላል። ድምፄ የማይሰማው ጥርሴን ስለምነክስ ነው። ዛሬ የስፌት መኪናዬን መርፌ ሰበርኩ፣ ቀየርኩና ደግሜ ሰበርኩ። ጨርቁ ወፍሮብኝ አይደለም።

ልጄ ሮሃ ከቤት ሆና በአስተርጓሚነት ትሠራለች። ባሕር ማዶ ያለ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪምና አማርኛ ተናጋሪ በሽተኛ ሲገናኙ፣ እሷ በቪዲዮ መሀል ገብታ የአንዱን ለሌላው ትነግራለች። የማታቱ ሚኒባስ ክላክስ እንዳይገባባት የክፍሏን ግድግዳ ሁሉ በወፍራም መጋረጃ ሸፍኜላታለሁ። ዛሬ ሐኪሙ ለአንዲት እናት የልጇን የምርመራ ውጤት ሲናገር፣ ሮሃ «ውጤቱ…» እንዳለች መስመሩ ተቋረጠ። ተመልሳ ስትገባ በቦታዋ ሌላ ሰው ተተክቷል። ያቺ እናት «ውጤቱ» ከሚለው ቃል በኋላ ምን ያህል እንደጠበቀች አላውቅም።

አሠሪዎቿ ማስጠንቀቂያ ላኩ። መስመሯ እንዲህ ከቀጠለ ነሐሴ ላይ ውሏን አያድሱም። በስልክ ዳታ መሥራት ደግሞ አይፈቅዱም። ቋሚ መስመር ይላሉ። እኛ ፎቅ ላይ ያለው ቋሚ መስመር የመረዳጃ ማኅበራችን ብቻ ነው።

ሰኔ 5

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ስጽፈው ንዴቴ ይቀንስ ይሆናል።

ይህን መስመር የጀመረው ባሌ ታመነ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። በየአባሉ ቤት አንድ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ስብከት፣ የልጆች ትምህርት፣ የአገር ቤት ፊልም ተቀድቶ ይቀመጣል። አንድ ሰው ስብከት ሊያይ ስልኩን ሲከፍት፣ ስልኩ ከየትኛውም ቤት ሳጥን መውሰድ ይችላል። ግን የትኛው ቤት እንደተጨናነቀ፣ የትኛው እንደቀለለ አያውቅም። ስለዚህ የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ያለውን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ይጠይቃል። ሰርቨሩ በቁጥር ይመልስለታል፦ በእገሌ ቤት በኩል ዋጋው ይህን ያህል፣ በእገሊት ቤት በኩል ይህን ያህል። ለምን እንደሆነ አይናገርም። በዚህ ሂድ ብሎም አያዝዝም። ዋጋውን ብቻ ይናገራል፤ ስልኩ ራሱ አነስተኛውን ይመርጣል።

ታመነ ስለዚህ አሠራር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ትቶልኝ ነበር። ካለፈ በኋላ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አንብቤዋለሁ። ትምህርት ፈልጌ አልነበረም። ጠርዙ ላይ በእርሳስ የጻፋቸው ነገሮች ስለነበሩ ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ሌላው ዓለም በመሣሪያ ይለካል። እኛ ሐበሾች ነንና ሰው ጠየቅን። ሚዛን የሚባለው ቴክኒሻናችንና እኔ ቤት ለቤት ዞርን። «ሳጥኑ ምን ያህል ይከብዳችኋል? ከአንድ እስከ መቶ ንገሩን።»

«ኧረ ምንም አይደል!»

«ምን ይከብዳል፣ የራሳችን አይደል እንዴ!»

ሽማግሌው ጋሽ ባንታየሁማ ተቆጡ። «እኔ ከማን አንሼ ነው ከአንድ በላይ የምባለው?» ሚዛን «ጋሼ፣ ማዕረግ አይደለም እኮ» ቢላቸው አልሰሙትም።

ሁሉም አንድ አለ። እኔም ለራሴ ቤት አንድ አልኩ።

ሁሉም አንድ ከሆነ ጭነቱ እኩል መከፋፈል ነበረበት። እኛ ቤት ያለው ሳጥን ግን ቀኑን ሙሉ ማራገቢያው ሲጮኽ ይውላል፤ እሱ ሲጨናነቅ በዚያው ሽቦ የሚያልፈው የሮሃ መስመር ይቋረጣል። ያልገባኝ ይህ ነው።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ በኃይሉ ትከሻዬን መታ አደረገ። «የታመነ ቤት አይዘጋም! አየሽ፣ ሰው ሁሉ በአንቺ በኩል ነው የሚገባው።» ኪሊማኒ ያለው ሬስቶራንቱ ውስጥ እንግዳ ሲያስተናግድ የሚናገርበት ድምፅ ነው።

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦ «እሷ ምን ይከብዳታል፣ ባል የላት፣ ግርግር የላት።»

ዞሬ ሰላም አልኳቸው። ሳምኳቸው እንኳ።

ከሰዓት እህተማርያም ደወለች። የታመነ እህት ናት፤ ደሴ ነው የምትኖረው። እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«ሮሃ ደህና ናት? ሥራዋስ?»

«ደህና ናት። ሥራዋም ደህና ነው።»

ሰኔ 18

ከተማው ዛሬ ሰልፍ ነው። ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። ሰው ቤቱ ከዋለ ስልኩ ላይ ነው የሚውለው። የሮሃ መስመር ጠዋት ተቋረጠ። ከሰዓትም ተቋረጠ።

ከክፍሏ ወጥታ ሳጥኑን ቁልቁል አየችው። «እማ፣ እነሱ ፊልም ያያሉ፣ እኔ ሰው ሲሞት አስተረጉማለሁ። ሲሪየስሊ፣ ንገሪያቸው!»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«እሑድ።»

«ያለፈውም እሑድ እሑድ ነበር» አለችና በሩን ዘጋች። በሩን አልወረወረችውም። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 20

ሚዛንን አስጠራሁት። ናይሮቢ ያደገ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ነው፤ ሦስት ቋንቋ በአንድ አረፍተ ነገር ይናገራል።

«ሁሉም አንድ ከሆነ ለምን እኔ ቤት ይበዛል?» አልኩት።

ጫማውን አየ። «እትዬ ዓይናለም፣ ይህ ነገር… ኮምፕሊኬትድ ነው።»

«አሳየኝ።»

«ምኑን?»

«ሰርቨሩ ለስልኮቹ የሚናገረውን። ለስልክ የሚናገረውን ለእኔ የማይናገርበት ምክንያት አለ?»

ላፕቶፑን ከፈተልኝ። አየሁት። የጋሽ በኃይሉ ቤት፣ አርባ። ዱባይ እየተመላለሰች ጨርቅ የምትነግደው ጥሩሰው፣ ሃያ አምስት። ሌሎቹም ሠላሳ፣ አሥራ ስምንት፣ ሠላሳ አምስት። አንድ የሚሉት ሁለት ቤቶች ናቸው፦ ጋሽ ባንታየሁና እኔ። የሳቸው ሳጥን አሮጌና ጠባብ ነው፤ የሚይዘው ትንሽ ነው። ስለዚህ ሁሉም ስልክ ወደ እኔ ይመጣል።

«ማን ቀየረው?»

«ራሳቸው። አንድ በአንድ ደወሉልኝ። ‹ሚዛንዬ፣ ትንሽ ከፍ አድርግልኝ፣ ስብሰባ ላይ ግን እንዳታነሳው› አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ እትዬ? ኔትወርኩ የነሱ ነው። እርስዎ ብቻ አልደወሉም።»

«እኔ አብሬህ የዞርኩ ሰው ነኝ። በጆሮዬ ነው የሰማኋቸው።»

«ፖሌ ሳና» አለኝ። ምን ያድርግ። በስዋሂሊ ሲያዝን የበለጠ የሚያዝን ይመስላል።

ሻይ አቀረብኩለት። ጠጣና ሄደ። ከሄደ በኋላ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ሰርቨሩ አልዋሸም። የተነገረውን ነው የሚናገረው። እኔን አንድ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን እነሱ ፊቴ ላይ «ምንም አይደል» ብለውኝ፣ በሩን ዘግተው ደረጃውን ስወርድ ስልክ ያነሱ ሰዎች ናቸው። እሑድ እሑድ የሚስሙኝ እነሱ ናቸው።

ሰኔ 21

መጋረጃ አልጨረስኩም። ደንበኛ ተቆጣችኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። እኔ!

ሰኔ 29፣ እሑድ

ስብሰባ ነበር። ልናገር ነበር የሄድኩት። መንገዱን ሁሉ ቃሌን ስለማመድ ነበር። ሙዝ የምትሸጠው ሴትዮ ብቻዬን ሳወራ አይታኝ ሳቀች።

ጋሽ በኃይሉ ተነሣ። ፍልሰታ እየደረሰ ነው፣ የየቀኑ ቅዳሴ ተቀድቶ ሳጥኖቹ ውስጥ ይገባል፣ ጭነት ይበዛል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የታመነ ሳጥን ባይኖር ምን ይውጠን ነበር! ለዓይናለም አጨብጭቡላት።» አጨበጨቡ። ጥሩሰውም አጨበጨበች። ባለ ሃያ አምስቷ።

«መቼም አይከብድሽም ዓይናለም?» አለኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«ኧረ ምንም አይደል» አልኩ።

አፌ ነው ያለው። እኔ አላልኩም። አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።

ይህን ዛሬ ገባኝ፦ በሰው ፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም። መልሱን አስቀድሞ ወስዶ ነው የሚመጣው። እኔም ቤት ለቤት ስዞር ያደረግኩት ይኸው ነው። እኔ የታመነ ሚስት በራቸው ላይ ቆሜ «ይከብዳችኋል?» ስላቸው ማን ይከብደናል ይለኛል? ይህን ሳስብ ንዴቴ በረድ ማለት ነበረበት። አልበረደም። እንዲያውም ባሰበት።

ሮሃ ስገባ ፊቴን አየች። ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ናይሮቢ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፀሐይ ካየን ሰነበትን። ሳምንቱን ሮሃ አራት ጊዜ ተቋርጦባታል። ጨምሯል።

እህተማርያም ደወለች። «ዓይንዬ፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ብርድ ነው።»

«ሮሃስ?»

«ደህና ናት።»

«አንቺ ሁልጊዜ ደህና ነው ነው የምትይው። ያኔም በየሳምንቱ ደህና ነው፣ እየተሻለው ነው ስትይኝ…» ብላ ተወችው። ስለ በግ ዋጋ አወራችልኝ።

ታመነ ሲታመም ስድስት ወር ተኝቷል። እሷ የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። እንዳልነግራት ያለኝ እሱ ነው። እሱ ነው እንዲህ ያለኝ። መንገዱ ረጅም፣ እሷ ልጆች ያሏት፤ ለምን ትጨነቅ?

ለምን ይህን እንደጻፍኩ አላውቅም። ስለ መስመሩ ነበር መጻፍ የነበረብኝ።

ሐምሌ 12

ደወልኩ። እንደነሱ፣ በሩን ዘግቼ።

«ሚዛን፣ ቁጥሬን ቀይርልኝ።»

«ሳዋ፣ እሺ እትዬ። ስንት ላድርገው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ስንት ነኝ? አምስት ልል አሰብኩ። አምስት ይቅርታ የመጠየቅ ያህል ነው። አሥር ልል ነበር። ከዚያ የሮሃ በር ታየኝ።

«አምሳ» አልኩት።

«ዋ! ከጋሽ በኃይሉ ይበልጣል እኮ።»

«ይብለጥ።»

አመሻሽ ላይ የሳጥኑ ማራገቢያ ጸጥ አለ። ቤቱ ውስጥ ያን ያህል ድምፅ እንደነበር የገባኝ ሲጠፋ ነው። ሮሃ ሙሉ ፈረቃዋን ሠርታ ወጣችና አቀፈችኝ። «እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምንም» አልኳት። ይህንንም መናገር አልቻልኩም።

ሐምሌ 16

ሮሃ ስትሠራ ስትስቅ ሰማኋት። አንድ በሽተኛ ሽማግሌ «ሐኪሙን ባለ ትዳር እንደሆነ ጠይቂልኝ፣ የእህት ልጅ አለችኝ» ብለዋት ነው። ጥሩ ሳምንት ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ጋሽ ባንታየሁ ከቅዳሴ ቀሩ። ዳቦ ይዤ ሄድኩ።

ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ካናዳ ያለችው ልጃቸው እሑድ ጠዋት በቪዲዮ ትደውልላቸዋለች፤ የሳምንቱ ሥራቸው ይኸው ነው፤ ጢማቸውን ይላጫሉ፣ ኮት ይለብሳሉ። ስገባ ኮታቸውን ለብሰው ጨለማ ስልክ ፊት ተቀምጠዋል። አሮጌው ሳጥን ከመጋሉ የተነሣ እጅ አያስነካም። ማራገቢያው ልክ እንደ እኔው ይጮኻል።

«መስመሩ እምቢ አለኝ ልጄ» አሉ። «ፊቷ ይመጣል፣ አፏ ሲከፈት ይደርቃል። ሁለት እሑድ ሆነው።»

አምሳ ያልኩ ዕለት ያ ሁሉ ስልክ የት ሊሄድ ነበር? ከእኔ ቀጥሎ አንድ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። የቁጥሮቹን ዝርዝር ሚዛን ላፕቶፕ ላይ አይቼዋለሁ። አላሰብኩትም ማለት አልችልም፤ ሳላስበው እንዲያልፍ ነው የፈለግኩት።

«ይከብድዎታል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም አይደል!» አሉኝ። ፈገግ ብለው። ኮታቸውን እንደለበሱ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለቅሶው የኀዘን አልነበረም። ያን ቃል የሆነ ነገር ላይ መወርወር ፈልጌ ነው። እኔ ስለው የሚሰማው እንዲህ ነው ማለት ነው! ሰው ሁሉ እያየ፣ እየሰማ፣ እያወቀ ነው ያጨበጨበልኝ።

ሐምሌ 21

ለሚዛን ደወልኩ፦ የጋሽ ባንታየሁን ከፍ አድርግ። «ባለቤቱ ካልጠየቀ አልነካም እትዬ፣ ሕጋችን ነው» አለኝ። እሳቸው አይጠይቁም። የእኔን ወደ አንድ ብመልሰው ሮሃ ትወድቃለች። አልመለስኩትም። እሳቸው ፍልሰታን ሙሉ በዚያ ድምፅ ውስጥ ይቀመጣሉ ማለት ነው፤ በእኔ ምክንያት።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ተናገርኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ ተነሣሁ። ጋሽ በኃይሉ የማመሰግነው መስሎት ነበር፣ ይመስለኛል፤ ፈገግ አለ። ሰርቨሩ የሚናገረውን ቁጥር በቃሌ ይዤው ነበር። ቤት በቤት ተናገርኩት። ከሱ ጀመርኩ።

«የጋሽ በኃይሉ ቤት፣ አርባ። የጥሩሰው፣ ሃያ አምስት።» ቀጠልኩ። ወደ መጨረሻው ደረስኩ። «የእኔ፣ እስከ ሐምሌ 12 ድረስ አንድ፣ አሁን አምሳ። በስልክ ነው ያስቀየርኩት፣ እንደናንተው ተደብቄ። የጋሽ ባንታየሁ፣ አንድ።»

አዳራሹ ተንጫጫ።

«ይህ የሰው ቤት ምስጢር ነው!» አለ ጋሽ በኃይሉ።

«ሰርቨሩ ለጠየቀው ስልክ ሁሉ የሚናገረው ቁጥር ነው። ያልሰማነው እኛ ብቻ ነን።»

«መጋረጃ እየሰፋሽ ኢንጂነር ሆንሽ?»

ሰው ሳቀ። እኔም ትንሽ ብስቅ ነገሩ ያልፍልኝ ነበር። አልሳቅኩም።

«እኔ አርባ ያልኩት ሬስቶራንቱን ከቤት ሆኜ በካሜራ ስለምቆጣጠር ነው» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «እውነቴን ነው፣ ይከብደኛል።»

«አርባዎን አልጠላሁትም ጋሽ በኃይሉ። እኔ የጠላሁት ፊቴ ላይ ያሉኝን አንድ ነው።»

ከዚያ ጋሽ ባንታየሁ ከኋላ ወንበር ተነሡ። «ቆይ፣ እኔን አንድ ብሎ የጻፈኝ ማን ነው?»

«እርስዎ ራስዎ ነዎት ጋሼ!» አለ ሚዛን።

«እኔ? ደንቆሮ ነበርኩ። ልጄን ካየሁ ወር ሊሆነኝ ነው። ስድሳ በሉኝ!»

አሁን የሳቁት በእኔ አልነበረም። «ጋሼ ስድሳ ካሉ እኔ ሠላሳ አምስቴ ላይ እቆያለሁ» የሚል ተሰማ። «አንተ ሌባ፣ አንተ አሥርም አትሞላ!» የሚልም። ሰው የራሱን ሸክም ጮክ ብሎ ሲጠራ የመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። በመጨረሻ ቁጥሩን ሰው መጠየቅ ቀርቶ ሚዛን በየሳምንቱ በመሣሪያ እንዲለካና ሁሉም እንዲያየው ተስማሙ።

ጋሽ በኃይሉ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ሰላምታ ከነሳኝ ሰው ጋርም መኖር እንደሚቻል እያየሁ ነው።

ነሐሴ 7

ሦስት ቀን ሙሉ ሮሃ ላይ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ጋሽ ባንታየሁ ልጃቸውን አይተዋል። ጥሩሰው መጥታ በር ላይ ቆመች። «እትዬ ዓይናለም፣ አልቀየሙኝም?» አለችኝ። «ተቀይሜያለሁ» አልኳት። ግቢ አልኳት ደግሞ። ሁለቱንም ማለት ይቻላል ለካ።

ነሐሴ 10

ከሮሃ አሠሪዎች መልእክት መጣ። አላደሱላትም።

ከሰኔ ጀምሮ ያለው ተደምሮ ነው የታየው። ያለፉት ጥሩ ሳምንታት አልበቁም። ሮሃ አነበበችልኝና ላፕቶፑን ዘጋች። አልጮኸችም። «ሰኔ ላይ ብትናገሪ ኖሮ» አላለችኝም። ያለመናገሯ ከእኔ የወረሰችው እንዳይሆን ፈራሁ።

«በይው» አልኳት።

«ምኑን?»

«የሚሰማሽን።»

አየችኝ። ከዚያ አለችው። ሁሉንም። ስለ ሰኔ፣ ስለ ሐምሌ፣ ያቺ እናት «ውጤቱ» ላይ ስለመቅረቷ፣ ጭብጨባ ስለመውደዴ። የመጨረሻው እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሰማኋት። ምንም አይደል አላልኩም።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

እህተማርያም ደወለች።

«ሮሃ ደህና ናት?»

«ደህና አይደለችም» አልኳት። «ሥራዋን አጣች። በእኔ ዝምታ ነው። እኔም ደህና አይደለሁም።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። አልተቋረጠም፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚህ በፊት ከአፌ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ስለ ሮሃ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ታመነ» አለች። «ያኔ። ጠርቶኝ ነበር?»

አፌ ሊቀድመኝ ሲል ያዝኩት። ግን እውነቱንም ማውጣት አልቻልኩም። «እጽፍልሻለሁ» አልኳት። ማልቀስ ጀመረች፤ መልሱን አግኝታዋለች።

ጠርቷታል። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ «እህቴ ትምጣ» ይለኝ ነበር። መንገዱ የሚያስቸግራት መስሎኝ ደህና ነው ያልኳት እኔ ነኝ። እንዳልነግራት ያለኝ እሱ ነው ብዬ ሐምሌ 6 የጻፍኩት ውሸት ነው።

ጥሩሰው ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች፤ ከዚያ በደሴ አውቶቡስ ትልክልኛለች። ይህን ጨምሮ የማስታወሻዬን ገጾች ምንም ሳልቀንስ ቀድጄ በፖስታ አሽጋቸዋለሁ። ላዩ ላይ የጻፍኩት ስም የታመነ እህት የእህተማርያም ነው።